ብረት መቀጥቀጥ ለምትጀምሩ ወጣቶች፦ ከመዶሻው በፊት እሳቱን እወቁ

ብረት መቀጥቀጥ ያማረው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መዶሻ ነው። ስንት ኪሎ ይሁን? ቀጥሎ ደግሞ «ቢላዋ መቼ ነው የምሠራው?» ይመጣል። ለሁለቱም እንደርሳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ሥራ ላይ ጉልበት ሁለተኛ ነው። ብረቱ ምን ያህል እንደጋለ በዓይኑ መለየት የቻለ ልጅ ክንዱ ቀጭን ቢሆንም ደስ የሚል ነገር ይሠራል፤ ይህን ያልለየ ደግሞ የፈለገ ጡንቻ ቢኖረው ከቀዘቀዘ ብረት ጋር ሲታገል ይውላል።

መጀመሪያ ቤተሰብ ይወቅ። ተደብቆ የሚጀመር ነገር አይደለም፤ እሳት በነደደ ቁጥር አንድ አዋቂ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ቦታው ደጅ ይሁን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። በሩን ገርበብ አድርጎ ቤት ውስጥ መሥራት የሚባል ነገር የለም። ደጁ ጥላ ቢኖረው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ የብረቱ ቅላት ስለማይታይ ሳታስቡት ታቃጥሉታላችሁ።

የጥጥ ልብስ ልበሱ። ናይለንና ፖሊስተር ፍንጣሪ ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ጫማው ድፍን የቆዳ ጫማ ይሁን፣ ሱሪው ከላዩ ይውረድ፣ ረጅም ጸጉር ይታሰር። የዓይን መከላከያ መነጽር ላይ ድርድር የለም። መዶሻ በሚይዘው እጅ ጓንት ባይደረግ እመርጣለሁ፤ መያዣው ያንሸራትታል። በሌላኛው እጅ ካደረጋችሁ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጓንት የጋለ ብረት ሲነካ ውሃው እንፋሎት ሆኖ እጅ ይቀቅላል።

አሁን ወደ ዕቃው። መስፍ፣ ማለትም የጋለው ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት፣ ውድ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወይም ከባድ ድፍን ብረት ይበቃል፣ ወፍራም ግንድ ላይ እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ አትቀጥቅጡ፣ ሲግል ይፈነጠራል። ከፍታው ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ እጃችሁን ስትለቁት ጭብጣችሁ የሚደርስበት ያህል ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ወገባችሁ ያልቃል። መዶሻው ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ። የፊቱን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱት፣ አለዚያ በመታችሁ ቁጥር ብረቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጉጠት ለጊዜው ይቆይ፤ 60 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ ከያዛችሁ አንዱን ጫፍ እሳት ውስጥ ከታችሁ በቀዝቃዛው ጫፍ መያዝ ትችላላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጉጠት የለም።

ምድጃውም ቀላል ነው። ጭቃና አሸዋ ለውሳችሁ ጎድጓዳ አድርጉና በጎኑ አየር የሚያስገባ የብረት ቧንቧ አስገቡ፤ አየሩን በወናፍ ወይም በጸጉር ማድረቂያ ትሰጡታላችሁ። ጭቃው በደንብ ይድረቅ። ማድረቂያው ይበረታል፣ ከቧንቧው አፍ ትንሽ አርቁት። ከሰሉን በደንብ ቆልሉ። ብረቱን ቧንቧው አፍ ላይ አትደቅኑት፤ እዚያ አየር ስለሚበዛ ቅርፊት እያወጣ ይበላል። ትክክለኛው ቦታ ከዚያ ከፍ ብሎ ፍሙ መሃል ነው፣ ከላይም ከሰል ይሸፍነው።

ብረት ስትመርጡ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ለስላሳ ዘንግ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ብረት ወደ እሳቱ አይቅረብ፣ ቧንቧውም ቢሆን። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እናንተ የምትሠሩት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው፤ ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ሁለት በኩል የተደፈነ ቱቦም እንዲሁ፣ ሲግል ይፈነዳል።

ዋናው ቁም ነገር ቀለሙ ነው። ብረቱ 800 ዲግሪ አካባቢ ቀይ ነው፣ 950 ላይ ብርቱካናማ፣ 1100 አልፎ ቢጫ። ለስላሳ ብረት ቢጫ ሆኖ ሲወጣ መዶሻውን እሺ ይላል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይመለስም። ስትመቱ ቀለሙ ይወርዳል፣ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን አቁማችሁ መልሱት። «አንድ ብቻ ልድገመው» የሚለው ፈተና አለ፣ እምቢ በሉት። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው። በጣም የምፈራላችሁ ግን ጥቁሩን ነው፤ 400 ዲግሪ ያለ ብረት ቀዝቃዛውን ይመስላል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለ ብረት ሁሉ ትኩስ ነው ብላችሁ ጀምሩ፣ ከማንሳታችሁ በፊትም የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አስጠጉና ሙቀቱን ፈትሹ።

እሳት ከማንደዳችሁ በፊት በሸክላ ጭቃ ተለማመዱ። ጭቃውን እንደ ዘንግ ድብልብል አድርጋችሁ በመዶሻ ስትመቱት የጋለ ብረት የሚሄድበት አቅጣጫ ሁሉ ይሄዳል፣ ስህተታችሁንም ወዲያው ያሳያችኋል።

የመጀመሪያ ሥራችሁ የኤስ ቅርጽ ያለው ማንጠልጠያ ይሁን። የዘንጉን ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ያህል አግሉና ማሾል ጀምሩ። እዚህ ላይ ሁሉም የሚቸኩለው ክቡን እያሽከረከረ ሊያሾል ነው፤ እንደዚያ ሲሆን መሃሉ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ አራት ማዕዘን አድርጉት፦ ምቱ፣ ሩብ ዙር አዙሩ፣ ምቱ፣ መልሱ። ዘንጉን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ መዶሻውም በዚያው ልክ ይዘንበል። አራት ማዕዘኑ ሲሾል ጠርዞቹን መትታችሁ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያ ክብ ታደርጉታላችሁ። ቀጥሎ እንደገና አግሉና ሹሉን ከመስፉ ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር አሳልፋችሁ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ መታ መታ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ስትመቱት ቆንጆ ጥቅል ይወጣዋል። ትልቁን ቅስት ክብ ብረት ላይ ጠቅልሉት። ከዘንጉ በመጋዝ ቆርጣችሁ ሌላኛውን ጫፍ በተቃራኒው ድገሙት፤ አሁን ጉጠት ያስፈልጋችኋል። ሲያልቅ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ሰም ቀቡት፣ ዝገት ይከላከላል።

ቢላዋውስ? ይቆይ። ቢላዋ ካርቦን ያለው ብረት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሲቃጠል ቶሎ ነው፣ ቀዝቅዞ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻ ላይም ማጠንከርና እንደገና በመጠኑ አሙቆ ተሰባሪነቱን መቀነስ የሚባል ሥራ አለው። ማንጠልጠያው፣ ከብረት የሚሠራ ቅጠል፣ የራሳችሁ ጉጠት ይቅደሙ።

ከተቃጠላችሁ ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ አቆዩት፤ በረዶም ቅባትም አይደረግበትም፣ ውሃ ከቋጠረና ሰፋ ካለ ሐኪም ይየው። ሥራ ስትጨርሱ ደግሞ ፍሙን በአካፋ እያወጣችሁ ውሃ ያለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፣ ምድጃው ላይ ውሃ አትድፉ፣ ጭቃው ይሰነጠቃል። የጋለውን ብረት ሁሉም ሰው በሚያውቀው አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ቤት ውስጥ ላሉት ሕፃናትም ንገሩ።