ስልክ ስታስከፍቱ፣ ኮንትራት ስትፈርሙ

ስልክ መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በየሳምንቱ የምሰማው ነገር ግን አንድ ነው፦ «ስልኩ ሎክድ ነው፤ ክፈትልኝ።» እኔም «የቱ ሎክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው መልስ የለውም። ገንዘቡን የሚያስበላውም ይህንን አለማወቁ ነው።

ሎክ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የኔትወርክ ሎክ ነው። ቀፎውን የሸጠው የስልክ አገልግሎት ኩባንያ የሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይቀበል ይዘጋዋል። ሁለተኛው የአካውንት ሎክ ነው፤ በአይፎን አይክላውድ፣ በአንድሮይድ ጂሜይል የምንለው። ሦስተኛው ስልኩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ስልኩ ተሰርቋል ወይም ዕዳው አልተከፈለም ተብሎ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ (እያንዳንዱ ቀፎ የሚለይበት ቁጥር) ጥቁር መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ምንም አይፈይድም።

መለየቱ ቀላል ነው። የሌላ ኩባንያ ሲም አስገቡ። ሲሙን አልቀበልም ካለ ወይም የኔትወርክ ኮድ ከጠየቀ የመጀመሪያው ነው። የማታውቁትን ሰው ኢሜይልና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ሁለተኛው ነው። ሲሙን ተቀብሎ ኔትወርክ ግን አልይዝ ካለ ሦስተኛውን ጠርጥሩ።

አንድ ልጅ ያጠራቀመውን አውጥቶ ያገለገለ አይፎን ገዛ። ቤት ወስዶ ፎርማት ሲያደርገው የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ጠየቀው። ደግሞ ፎርማት አደረገው፤ ያው ነው። ከዚያ አንዱ «የአንሎክ ኮድ እልክልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለው። ለአይፎን እኮ የሚጻፍ ኮድ የሚባል ነገር የለም! የኔትወርክ ሎኩ የሚነሳው ኩባንያው ፈቅዶ አፕል ዘንድ ሲመዘገብ ነው። ያም ቢሆን አይክላውዱን አይነካውም። ልጁ እኔ ጋ ሲደርስ ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ እኔም ልረዳው አልቻልኩም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። አፕል ይህን ጥበቃ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ጉግልም በአንድሮይድ 5.1 ተከተለ። የተሠራው ሌባ ፎርማት አድርጎ እንዳያልፈው ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሻጩ እናንተው ፊት አካውንቱን ያውጣ፣ ስልኩንም ፊታችሁ ፎርማት ያድርገው። ስልኩ እንደ አዲስ ተነስቶ የማንንም ኢሜይል ሳይጠይቅ ሲከፈት ያኔ ክፈሉ። «እቸኩላለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን መልሱለት።

ፎርማት ማድረግ የኔትወርክ ሎክንም አይፈታም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም።

ኮድ መገመት ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። ኮድ የሚቀበሉ ስልኮች ሙከራ ይቆጥራሉ። ሙከራው ሲያልቅ ትክክለኛውን ኮድ ብታመጡም የማይቀበሉ አሉ። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ ስጀምር የአይኤምኢአይ ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ ገልብጬ ኮድ አስመጣሁ። ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነበር። ኮዱ ደጋግሞ እምቢ ሲለኝ ቆም ብዬ ማየት ሲገባኝ እስከ መጨረሻው ሞከርኩ። የደንበኛዬን ስልክ ከፍዬ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላምንም፤ *#06# ደውዬ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን 15 አሃዝ ነው የምወስደው።

ሰዎች ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ቀፎውን የሸጠውን ኩባንያ ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ዕዳው ካለቀ ብዙዎቹ በነጻ ይከፍታሉ። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ለመክፈቻ ማስከፈል ተከልክሏል፤ በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ የተቆለፈ ስልክ መሸጥ አይቻልም።

ከሲሙ ጋር ተለጥፋ የምትገባ ቀጭን ቺፕ ያለበትን አይፎን «አንሎክድ ነው» ብለው ይሸጡላችኋል። አይደለም። ስልኩ እንደተቆለፈ ነው፤ አንድ አፕዴት ያበላሸዋል። በእውነት የተከፈተ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ የሲም ገደብ የለም (No SIM restrictions) የሚል መስመር አለ። እሱን እዩ።

የተከፈተ ስልክ ሁሉ በሁሉም ኔትወርክ ይሠራል ማለትም አይደለም። ኩባንያው የሚጠቀምበትን ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ቀፎው ካልያዘ ሲሙ ቢገባም ኔትወርክ የለም። ብዙ ኩባንያዎች 3ጂን እየዘጉ ነው። እዚያ ስልኩ በ4ጂ መስመር ድምፅ ማስተላለፍ ካልቻለ ኢንተርኔት እየሠራ ጥሪ እምቢ ሊል ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ኩባንያውን ጠይቁ።

ወደ ኮንትራቱ ስንመጣ፣ «ስልኩ በነጻ ነው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ስሙት። ካልኩሌተር አውጡ። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው እንበል፤ ወርሃዊውን ክፍያ በ24 ወር አባዙ። ቀጥሎ ያንኑ ፓኬጅ ያለ ቀፎ፣ ሲም ብቻ ብትወስዱ የሚመጣውን በ24 አባዙ። ልዩነቱ የ«ነጻው» ስልክ ዋጋ ነው። ከመደብር ዋጋው ጋር አስተያዩት። አንዳንዴ ኮንትራቱ ይሻላል፣ አንዳንዴ አይሻልም፤ ሳታሰሉት ግን አታውቁም። ደግሞ 24ኛው ወር ላይ ቀን ምልክት አድርጉ። የቀፎው ዕዳ ካለቀ በኋላም ያንኑ ክፍያ መቁረጥ የሚቀጥሉ ኩባንያዎች አሉ።

«ያልተገደበ» የሚለው ዳታ ብዙ ጊዜ ገደብ አለው፤ የሆነ መጠን ላይ ስትደርሱ ፍጥነቱ ይወርዳል። መጠኑን ጠይቁ። በወር ስንት ጊጋባይት እንደምትጠቀሙም ስልካችሁ ውስጥ ተመዝግቧል። 5 ጊጋ የሚበቃው ሰው የ100 ሲከፍል አይቻለሁ።

ኩባንያ ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ የድሮውን መስመር ቀድማችሁ አታዘጉ። አንዲት እናት በሥርዓት ልጨርስ ብለው አስቀድመው አዘጉት። ቁጥሩ ከተዘጋ መስመር ላይ አይዛወርም ተባሉ። የባንክ መግቢያ ኮዳቸው በዚያ ቁጥር ነበር የሚመጣው። አዲሱ ሲም በድሮው ቁጥር ሲደወልበት እስኪጮህ ድረስ የድሮውን አትንኩት።