«ዶሚኖ»ን የመሰለ ፊልም ለመሥራት ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶኒ ስኮት ያዘጋጀው «ዶሚኖ» እ.ኤ.አ. በ2005 ለዕይታ ሲበቃ ገበያ አልቀናውም፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው የወጪውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያም ሆኖ ኤዲቲንግ የማስተምራቸው ወጣቶች ከሚያመጧቸው አጫጭር የድርጊት ፊልሞች መካከል የዚህን ፊልም መልክ ለመያዝ የሚጣጣሩት ጥቂት አይደሉም። አልፈርድባቸውም። ኬይራ ናይትሊ የተጫወተቻት ሴት የሞዴልነት ኑሮዋን ትታ በሎስ አንጀለስ በዋስ ከተለቀቁ በኋላ የተሰወሩ ተከሳሾችን በክፍያ የምታሳድድ ትሆናለች፤ ምስሉ በቢጫና በአረንጓዴ ይነድዳል፤ ሾቶቹም ዓይን ሳያርፍባቸው ይለዋወጣሉ። ችግሩ የሚቀዱት ላይ ላዩን ብቻ መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ስህተት «ቀለሙን ኋላ በኮምፒውተር አመጣዋለሁ» ብሎ እንደ ነገሩ መቅረጽ ነው። ስኮትና የካሜራ ባለሙያው ዳን ሚንደል ያን መልክ ያገኙት ለስላይድ የሚያገለግለውን ሪቨርሳል ፊልም ለኔጋቲቭ በተዘጋጀ ኬሚካል በማሳጠብ ነበር። በዚህ መንገድ የታጠበ ፊልም በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠነክራል፣ ጥቁሩን ክፍል ዝርዝር ያሳጣዋል፣ ቀለሞቹንም ከተፈጥሯቸው ያስወጣቸዋል፤ በብርሃን ልኬት ላይ የተፈጸመን ትንሽ ስህተት ግን አይምርም። ስለዚህ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደሚቀባ፣ ተዋናይቷ ምን እንደምትለብስ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። አንዳንዱ ምስል በእጅ በሚዞር ካሜራ ስለተቀረጸ የፍጥነቱ መዋዠቅና የምስሎቹ መደራረብ የተፈጠሩት እዚያው ፊልሙ ላይ ነው እንጂ ኋላ ተጨምረው አይደለም። ስኮት ወደ ፊልም የገባው በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ሥዕል ተምሮ መሆኑም አይዘንጋ። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ተማሪዬ ነጭ ግድግዳ ባለው ሳሎን ውስጥ፣ በቀትር ብርሃን የቀረጸውን የፍጥጫ ትዕይንት ፊልተር በፊልተር ላይ ደራርቦበት አመጣልኝ፤ ግድግዳው ቢጫ፣ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ጀግናዋ የወፍ በሽታ የያዛት መሰለች። በዲጂታል ካሜራም ቢሆን መንገዱ ያው ነው፦ ግድግዳውን ይምረጡ፣ ብርሃኑን ከጀርባ ወይም ከጎን ያምጡ፣ ከቀረጻው ዕለት በፊት ሙከራ ቀርጸው የሙከራውን ቀለም ይሥሩ። ቀለሙ በሙከራው ላይ ካልመጣ በቀረጻው ላይም አይመጣም።

ከዚህ የሚቀጥለው፣ መዛባቱን የማን ዓይን እንደሚያየው ሳይወስኑ ምስሉን ማዛባት ነው። «ዶሚኖ» ሙሉ በሙሉ አንዲት የደከመች፣ የቆሰለች ሴት በሉሲ ሊዩ ለተወከለችው የኤፍ ቢ አይ መርማሪ የምትሰጠው ቃል ነው፤ ስታስታውስ ትዘላለች፣ ትመለሳለች፣ ያለችውን ትሽራለች፣ ምስሉም አብሯት ይንገዳገዳል። በኔቫዳ በረሃ ቡናቸው ውስጥ ሜስካሊን የተባለ አእምሮ የሚያዛባ ዕፅ ሲጨመርበትማ ምክንያቱ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አይሻም። ለእንዲህ ያለው ምስል ከእኛው ታሪክ በቂ ምክንያት ማግኘት ይቻላል። በሌባ ሻይ ልማድ መድኃኒት የጠጣው ልጅ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በየቤቱ ሌባ ይፈልግ ነበር፤ የዚያን ልጅ ዕይታ ለማሳየት የሚዋዥቅ ካሜራ ቢይዙ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅዎትም። ወንጀለኛውም ተመልካቹም በጤናቸው ባሉበት የታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ካሜራውን የሚያንቀጠቅጠው ምንድን ነው?

ፈጣን ቆረጣን፣ ማለትም ሾቶችን ቶሎ ቶሎ መለዋወጥን፣ በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ ተሳዳጁ በየትኛው በር እንደገባ፣ አሳዳጇም የት እንደቆመች የሚያሳይ አንድ የረጋ ሾት ሳይኖርዎት የፍጥጫ ትዕይንት አይቁረጡ። በስክሪኑ ላይ የሚበተን ጽሑፍ ተዋናዩ የተናገረውን የሚደግም ከሆነ ያስወጡት። ጠባሳ፣ የቆዳ ጃኬትና ሲጋራም ገጸ ባሕርይ አይሆኑም።

«እውነተኛ ታሪክ» የሚለውን ሐረግ በፖስተር ላይ ለመለጠፍ መቸኮልም ብዙዎችን ያሳስታል። ዶሚኖ ሃርቪ በእርግጥ የነበረች ሰው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በለንደን ተወለደች፣ ተዋናይ አባቷ ሎረንስ ሃርቪ የሞተው የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር፣ በሎስ አንጀለስም በእርግጥ በዚህ ሥራ ተሰማርታለች። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሪቻርድ ኬሊ ግን በፊልሙ ያለውን የ10 ሚሊዮን ዶላር ዘረፋ የጨመረው ከራሱ ነው፤ ፊልሙም ገና ሲጀምር በእውነተኛ ታሪክ ላይ መመሥረቱን ከተናገረ በኋላ «በመጠኑ» ብሎ በራሱ ላይ ያላግጣል። እርሷ ራሷ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005፣ በ35 ዓመቷ ዐረፈች። እንዲህ ያለ ግልጽነት ከሌለ በሕይወት ያለን ሰው ታሪክ መበረዝ ከቤተሰቡ ጋር ያጣላል፤ ስለዚህ ወይ የሰውየውን ስም ይተዉ፣ ወይ የጨመሩትን በግልጽ ይናገሩ።

በመጨረሻ የማነሣው የስክሪፕት ስህተት ነው፤ ጸሐፊዎቹ አሳዳጇ ደመወዟን ከማን እንደምታገኝ አይጠይቁም። በአሜሪካ ዋስትና በአብዛኞቹ ግዛቶች የንግድ ሥራ ነው። ተከሳሹ የዋስትናውን ሙሉ ገንዘብ ማቅረብ ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ 10 በመቶውን ለዋስ ነጋዴ ይከፍላል፤ ነጋዴውም ለሙሉው ገንዘብ በፍርድ ቤቱ ፊት ዋስ ይሆናል። ተከሳሹ ከተሰወረ ኪሳራው የነጋዴው ስለሆነ አሳዳጅ ይቀጥራል። የዋሱን ሰፊ የመያዝ ሥልጣን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1872 አጽንቶታል፤ አሳዳጇ የምትሠራውም ነጋዴው በወከላት መጠን ነው እንጂ ፖሊስ ሆና አይደለም። ኬንታኪ፣ ኦሪገን፣ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ይህን ንግድ ስለማይፈቅዱ ታሪኩን ቺካጎ ላይ የሚያቆም ሰው ከጅምሩ ተሳስቷል። አዲስ አበባ ላይ የሚያቆመውማ የባሰ ነው፤ እዚህ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው፣ ካልሆነም ገንዘቡ ለፍርድ ቤት ይያዛል፣ አሳዳጅ የሚቀጥር ነጋዴ የለም። ግን ተከሳሹ ሲጠፋ ገንዘቡን የሚጠየቀው ያ ዋስ የሆነው ዘመድ ነው። ለወንድሟ ልጅ ብላ ቤቷን በዋስትና ያስያዘች አክስት፣ ልጁ በቀጠሮው ቀን እንደቀረ ስትሰማ የምታደርገውን ይጻፉ፤ ማን ቀጠራት የሚል ጥያቄ አይነሣም፣ የቆዳ ጃኬትም አያስፈልጋትም።