ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ የናፍታ ፒክአፕ፦ ችግሩን ከምልክቱ ማግኘት

አዳማ ውስጥ ከምንሠራባቸው የናፍታ ፒክአፖች ብዙዎቹ የሚመጡት በአንድ ዓይነት ቅሬታ ነው። "መንገድ ላይ ደህና ነው፤ ስቆም ግን ጋቢናው ይርገፈገፋል" ይላል ባለቤቱ። ኮፈኑን ስንከፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት አንድ ሰው የሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) ብሎን አጥብቆ እናገኘዋለን። ይህ ሥራ በጣም ያናድደኛል። ዙሩን ከፍ ማድረግ መንቀጥቀጡን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፤ ናፍታው በከንቱ ይቃጠላል፣ የታመመው ሲሊንደርም ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ ዙሩን ወደ ቦታው መልሱት። አብዛኞቹ ፒክአፖች በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ባለው መካከል ይሠራሉ። ችግሩ ራሱን ይግለጥ፤ ምርመራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሞተሩ እኩል ይሠራል፣ ጋቢናው ግን ይንቀጠቀጣል

ከጭስ ማውጫው አጠገብ ቆማችሁ አዳምጡ። ምቱ ሳይቆራረጥ እኩል ከመጣ ናፍታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር አትንኩ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዘው ጎማ፣ ሱፖርቶው፣ ተሰንጥቆ ወይም ሟሙቶ ይሆናል። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን ድንገት ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ ሞተሩ ከልክ በላይ ወደ ጎን ከተጋደመ ይቀየር።

ጠዋት ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ አለው

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የሚበዛ ምልክት ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው የሞተ ማሞቂያ ካንዴላ ነው። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፍቱ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ12 ቮልት አምፖል በኩል የመጣ ሽቦ እያንዳንዳቸውን አስነኩ። አምፖሉን ያላበራው ሞቷል። ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ ካጎደለ ግን ነገሩ የቴስታታ ጋስኬት፣ በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ነው፤ መኪናውን አቁሙት።

ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። በናፍታ መስመር ውስጥ አየር ወይም ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ መለዋወጫ ሳይገዛ የሚድነውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ከውሃው ጀምሩ። ከናፍታ ፊልተሩ በታች ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርጋችሁ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ተቀበሉ፤ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ሳትነኩት አስቀምጡት። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ መለያ መስመሩ በዓይን ይታያል። ነዳጅ ሲጠፋ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ሰው ይህን በየጊዜው ማድረግ አለበት። ግማሽ ጎደሎ በርሜል ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል፤ ያ ላብ መጨረሻው ናፍታ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ነው።

አየሩ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ባለፈው ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልሱ አንድ ነጋዴ ባለ 3ኤል (የቶዮታ የቆየ የናፍታ ሞተር) ሃይሉክሳቸውን ይዘው መጡ። ሌላ ጋራዥ አራቱንም ኢንጀክተሮች ቀይሮላቸዋል። "ልጄ፣ ገንዘቤ አለቀ፣ መኪናው ግን ያው ነው" አሉኝ። በፊልተሩና በፖምፓው መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገባንና ሞተሩን አስነሳን። ተልባ የሚያካክሉ አረፋዎች ተከታትለው አለፉ፤ ባለፉ ቁጥር ሞተሩ ይደናቀፋል። መስመሩን ወደ ኋላ ስንከተል ከጭነት ሳጥኑ ሥር፣ ማሰሪያው የነከሰው ጎማ ቱቦ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘን። አንዲት ጠብታ ናፍታ አልነበረበትም። "ቢሸነቆር ይንጠባጠብ ነበር" የሚሉ መካኒኮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ሞተሩ ሲሠራ ቀዳዳው አየር ያስገባል እንጂ ናፍታ አያወጣም። ስንዝር የማይሞላ ቱቦ ቀይረን፣ የፊልተሩን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ተጭነን አየሩን አስወጣን። ጋሼ ያወጡት የአራት ኢንጀክተር ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የተሰነጠቀው ቦታ ካልተገኘ ታንኩንና ፊልተሩን ዝለሉና ከንጹሕ ጀሪካን በቀጥታ ለፖምፓው ስጡ። ሞተሩ ከረጋ ጥፋቱ ከፖምፓው በፊት ባለው መስመር ላይ ነው።

ምቱ በየተራው ይጎድላል

አንድ ሲሊንደር አይሠራም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ሜካኒካል ፖምፓ ባላቸው እንደ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ባሉት ላይ መነጽር አድርጋችሁ፣ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ በሚኒሞ ላይ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ዳዶ አንድ በአንድ ግማሽ ዙር አላሉ። ጤነኛው ሲላላ ሞተሩ ይደክማል፤ ስታላሉት ምንም ለውጥ ያላመጣው የታመመው ነው። የእሱን ኢንጀክተር በአዲስ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ፖምፓው ወይም ኮምፕሬሽኑ፣ ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ነው። መንቀጥቀጡ የጀመረው የታይሚንግ ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት በፑሊዎቹ ላይ ያሉት የታይሚንግ ምልክቶች መገጣጠማቸውን አረጋግጡ።

ኮመን ሬል (ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናፍታ ለሁሉም ኢንጀክተሮች የሚያድል አንድ ቧንቧ) ባላቸው፣ ለምሳሌ በዲፎርዲ ሃይሉክስ ላይ፣ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ግፊቱ በመቶዎች ባር ተጀምሮ ከሺህ በላይ ይደርሳል፤ የሚወጣው ጨረር ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ እጅ ያሳጣል። በስካነር የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የማስተካከያ መጠን አንብቡ፤ ከሌሎቹ በጣም የራቀው ተጠርጣሪ ነው። በኢንጀክተሩ ሥር "ጭ ጭ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በመዳብ ቀለበቱ በኩል ጋዝ እያፈተለከ ነው። አታቆዩት፤ ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም በዘይት እጦት ይነክሳል። በሚኒሞ ጥቁር ጭስ ካለና ዙር ሲጨምር ከረጋ ደግሞ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው የኢጂአር ቫልቭ በጥቀርሻ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ነቅላችሁ አጽዱት። የአየር ፊልተሩን የአዳማ ነፋስና አቧራ ቶሎ ይሞላዋል፤ ሆኖም እሱ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሚኒሞ ላይ ብዙም አያንቀጠቅጥም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ያው ከሆነ

ኮምፕሬሽን ይለካ። በ3ኤል ዓይነት ሞተር ጤነኛ ሲሊንደር 30 ባር አካባቢ ይሰጣል፤ ከ20 በታች የወረደ ወይም ከጎረቤቱ ከ5 ባር በላይ የተለየ ካለ ቫልቩ ወይም የፒስተን ፋሻው አልቋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱት፤ ጭሱ በግፊት እየተትጎለጎለ ከወጣ ፋሻው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሞተር ማውረድ ነው፤ ባለቤቱም ይህን ያኔውኑ መስማት አለበት።