ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት ስለ ኢንተርንሺፕ ጠይቁ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይዛችሁ ምርጫ ልትሞሉ ላላችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች አንድ ነገር ልበላችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አትዩ። በምትፈልጉት ትምህርት ክፍል ያሉ የ4ኛና የ5ኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በትምህርት መሐል ድርጅት ገብቶ ለሚደረግ የሥራ ልምምድ፣ የት ወጡ? የኪስ ገንዘብ ተከፈላቸው? ማሽን ነክተው ተመለሱ ወይስ ፋይል ሲያደራጁ ከረሙ? እዚያው የተቀጠረስ አለ?

ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። ለምህንድስና ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ግን ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለመጣ ልጅ ክፍያ የሌለው ኢንተርንሺፕ ይከብዳል። ከግቢ ከወጣ የቤት ኪራዩ፣ ምሳውና ትራንስፖርቱ ከቤተሰብ ኪስ ነው። ይህን ከወዲሁ ከእናት ከአባት ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም በነፃ አይደለም፤ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ፣ ሥራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ። የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምትማሩት ፕሮግራም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ከተፈታኞቹ ስንቶቹ የመውጫ ፈተናውን እንዳለፉም ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ ቀርቷል።