ምስክሯ ደሴ፣ ችሎቱ ሜሪላንድ፦ ከኢትዮጵያ ሆኖ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚመሰከር

የልጅ አሳዳጊነት ክርክሩ ሜሪላንድ ነው። ልጁን ሁለት ዓመት ያሳደጉት አያት ግን ደሴ ናቸው። ቪዛ የለም፤ ቢኖርም ጉልበታቸው ለጉዞ አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ «ድምፃቸውን በዋትስአፕ ልቅረጽና ለዳኛው ላሰማ።»

መጀመሪያ ይህን ሐሳብ ተዉት። ቤት ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ እንደ ምስክርነት የመቆጠር ዕድሉ ጠባብ ነው። ቃለ መሐላ የለውም፣ የወዲያኛው ወገን ጠበቃም መስቀለኛ ጥያቄ ሊያቀርብለት አይችልም። ቀድሞ የሚቀረጽ ምስክርነት የለም ማለት ግን አይደለም። የሁለቱም ወገን ጠበቆች ባሉበት፣ ምስክሩ ምሎ፣ ጥያቄና መልሱ በይፋ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አሜሪካኖቹ «ዲፖዚሽን» ይሉታል። ምስክሩ በጣም ያረጀ ወይም የታመመ ከሆነ ስለ ዲፖዚሽን ጠበቃችሁን ጠይቁ። የቀድሞ ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን በስልክ እያዋሩ በድብቅ መቅረጽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ተነጋጋሪ ካልፈቀደ ወንጀል ነው።

ፈቃድ በጊዜ ጠይቁ። ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ አብዛኞቹ ስቴቶች በ1997 የተረቀቀውን ወጥ የልጅ አሳዳጊነት ሕግ ተቀብለዋል። ይህ ሕግ በሌላ ስቴት የሚኖር ምስክር በስልክ ወይም በቪዲዮ እንዲመሰክር ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድ ይችላል ይላል። የውጭ አገርንም እንደ አንድ ስቴት ያየዋል። «ሊፈቅድ ይችላል» የሚለውን ልብ በሉ፤ ውሳኔው የዳኛው ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ምስክሯ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ለምን መምጣት እንደማይችሉ፣ በዓይናቸው ያዩት ምን እንደሆነና በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ ጻፉ። ለወዲያኛው ወገንም ኮፒው ይድረስ። እነሱ ከተስማሙ ነገሩ ይቀላል። ልጅ የሌለበት ፍቺ ከሆነ ይህ ሕግ አይመለከታችሁም፤ የዚያን ስቴት የፍርድ ቤት ደንብ ማየት ነው።

አስተርጓሚም እዚያው ላይ ጠይቁ። እህታችሁ እንግሊዝኛዋ ውኃ ቢሆንም አስተርጓሚ አትሆንም። አያት ከአማርኛ ይልቅ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚቀናቸው ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ፤ የቀጠሮው ቀን አይደረስበትም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ንገሯቸው። ዋሽንግተን ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ሲባል በበጋቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 11 ሰዓት። እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። «ናይን ኤኤም ነው» ብላችሁ የስልክ መልእክት ከላካችሁ እማማ ወይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ወይ ከቀኑ 9 ሰዓት።

ክፍሉን አዘጋጁ። ብቻቸውን፣ በሩ ተዘግቶ። ስልኩ በእጅ አይያዝ፤ አንድ ነገር ላይ ደገፍ ይበል። ባትሪው ይሞላ፣ ፓወር ባንክም ይኑር፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ኢንተርኔቱ ቢቆረጥ ፍርድ ቤቱ የሚደውልበትን የስልክ ቁጥር ቀድማችሁ አስመዝግቡ። መታወቂያቸው አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ፋይዳም ይሁን ፓስፖርት፣ ስሙ ማመልከቻው ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር ይግጠም። የሚያዩት ሰነድ ካለ በቁጥር ተለይቶ ቀድሞ ይድረሳቸው። ከካሜራው ጀርባ ቆሞ «እንዲህ በይ» የሚል ዘመድ ግን አይኑር። ዳኛ ይነቃል፤ ዓይናቸው ወዴት እንደሚሄድ ያያል።

አነጋገሩን ተለማመዱ። እንደኔ ከሆነ ምስክርነት የሚበላሸው በኢንተርኔት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። መልሱን አታስጠኗቸው፤ ያ ወንጀልም ሊሆን ይችላል። የምታለማምዱት አነጋገሩን ነው።

አንደኛ፣ ያቺ ትንፋሽ። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። መዝገቡ ላይ ምንም አይገባም፤ ዝም እንዳሉ ይቆጠራል። በጭንቅላት መነቅነቅም ያው ነው። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብለው አፍ አውጥተው ይናገሩ።

ሁለተኛ፣ ዘመኑ። አያት «ልጁ የተወለደው በ2009 ነው» ይላሉ። አስተርጓሚዋም 2009 ብላ ታልፋለች። የልደት ወረቀቱ ግን 2017 ይላል። የወዲያኛው ጠበቃ እንዲህ ያለውን ነው የሚጠብቀው። እማማ እንዲያሰሉ አታስጨንቋቸው። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የምትል ቃል ብቻ ይጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ዝምድና። አያት የልጅ ልጃቸውን «ልጄ» ይሉታል፤ አባቱንም «ልጄ» ይሉታል። «ልጄ ያለቅስ ነበር» ሲሉ ዳኛዋ የትኛውን ትረዳ? የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ነው፣ አክስት «እናቴ» ናት። በስም ይጥሩ።

ከዚያ በአጭር በአጭሩ እየተናገሩ ማቆም። አስተርጓሚዋ «እኔ አየሁ» ብላ በእሳቸው ቦታ ሆና ስትናገር እንዳይደናገጡም ንገሯቸው።

በቀጠሮው ቀን ቀኝ እጅ አንስተው ይምላሉ። በሃይማኖት መማል የማይፈልግ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ማረጋገጥ ይችላል። መሃል ላይ ዕረፍት ቢሰጥ ስለ ምስክርነቱ ደውላችሁ አታውሯቸው። ችሎቱንም በስልክ አትቅረጹ፤ ክልክል ነው።

ሲያልቅ ደግሞ ዳኛዋ «መውጣት ይችላሉ» እስኪሉ ይጠብቁ፣ ከዚያ ቀዩን ይጫኑ። አንዲት እናት መስቀለኛ ጥያቄው እንዳለቀ ማይኩ ሳይዘጋ «ኧረ ቡናውን አቅርቡት፣ ሰውዬው ነፍሴን ሊያወጣት ነበር» አሉ። አስተርጓሚዋ ግዴታዋ ነውና ተረጎመችው።