የገና ካልሲ ላይ ስም ስትጽፉ

ዘንድሮ ለቤተሰቡ የገና ካልሲ በሹራብ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ላቀብላችሁ። ስሙን ከካልሲው ጋር አብራችሁ አትሥሩት። መጀመሪያ ካልሲውን በአንድ ቀለም ጨርሱ። ከዚያ ጫፉ ደነዝ በሆነ ወፍራም መርፌ፣ በሌላ ቀለም ክር፣ ስሙን ከላዩ ጻፉበት። የሹራብ ዓይን እንደ ቪ አንገት ናት፤ መርፌው እሷኑ ይከተል። ከቪዋ የታችኛው ጫፍ ይወጣል፣ ከላይኛዋ ዓይን ሥር ያልፋል፣ በወጣበት ይመለሳል። ከተሳሳታችሁ ክሩን መምዘዝ ብቻ ነው፤ ካልሲው አይነካም።

ፊደሉን ቀድማችሁ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ንደፉ፤ አንዱ ካሬ እንደ አንድ ዓይን ነው። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ጋ ነው። የሹራብ ዓይን ስፋቷ ከቁመቷ ይበልጣል። ወረቀት ላይ ያማረው «ሳራ» ካልሲው ላይ ተደፍጥጦ ቁጭ አለ። ስለዚህ በስፋት 5 ካሬ ለሚሆን ፊደል ቁመቱን ወደ 7 አስረዝሙት። ደግነቱ የእኛ ስም በፊደል አጭር ነው። «ጽጌሬዳ»ን የሚያህል ከመጣ «ጽጌ» ብላችሁ እለፉት።

ክሩን ከፒያሳም ግዙ ከመርካቶ፣ ለሁሉም የሚበቃውን በአንዴ ውሰዱ። በሳምንቱ ስትመለሱ ቀዩ ያው ቀይ ላይሆን ይችላል። ደግሞ ቀይ ከነጭ ጋር ከሆነ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት ቁራጭ ቀይ ክር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አርጥባችሁ አሳድሩ። እኔ ለታኅሣሥ 29 ያደረስኩትን ነጭ ካልሲ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ አድርጌዋለሁ።