ቀመር የሚያሰላ የሲ ፕሮግራም በእጅ መጻፍ

የፔይሮል (የደሞዝ ማስሊያ) ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ቀመሩን ኮዱ ውስጥ አትቅበሩት። ዛሬ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ነገ ቢቀየር ለአንድ ቁጥር ብላችሁ እንደገና ኮምፓይል ልታደርጉ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ልትቀይሩ) ነው። እኔ ቀመሮቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የማስቀምጣቸው። ፕሮግራሙ ሲነሳ «ደሞዝ*0.07» የሚለውን መስመር አንብቦ ያሰላል።

ችግሩ፣ ሲ እንደ ፓይተን ኢቫል፣ ማለትም ጽሑፍን እንደ ቀመር የሚያሰላ ፈንክሽን፣ የለውም። «2+3*4» ለእሱ ዝም ብሎ የተደረደረ ፊደል ነው። ጽሑፉን በሲስተም ትእዛዝ ለሌላ ፕሮግራም ልከው የሚያሰሉ አሉ። ይቅርባችሁ። ፋይሉን የነካ ሰው በቀመሩ ፈንታ ዲስክ የሚያጠፋ ትእዛዝ ሊጽፍበት ይችላል።

በእጅ መጻፉ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሦስት ፈንክሽን ይበቃል፤ ሦስቱም ጽሑፉ ላይ የሚሄድ አንድ ፖይንተር (የት እንደደረሱ የሚያሳይ ጠቋሚ) ይጋራሉ። አንደኛው መደመርና መቀነስን ይይዛል፣ ሁለተኛው ማባዛትና ማካፈልን፣ ሦስተኛው ቁጥርን፣ ስምንና ቅንፍን። አንደኛው ሁለተኛውን ይጠራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። 2+3*4 ላይ አንደኛው 2ን ይዞ የመደመር ምልክት ሲያይ ቀኙን ከሁለተኛው ይጠይቃል። ሁለተኛው 3*4ን ጨርሶ 12 ይመልስለታል። መልሱ 14። ማባዛት ይቀድማል የሚለው ሕግ ለብቻው የትም አልተጻፈም፤ ማን ማንን ይጠራል የሚለው ላይ ነው ያለው። ሦስተኛው የቅንፍ መክፈቻ ካየ ተመልሶ አንደኛውን ይጠራል፣ ከዚያ መዝጊያውን ይጠብቃል። ከፊት የመቀነስ ምልክት ካገኘ ራሱን ጠርቶ የውጤቱን ምልክት ይገለብጣል።

አንደኛውና ሁለተኛው ውስጥ ሉፕ ተጠቀሙ። በሉፕ ፈንታ ቀኙን ራሱን እየጠራ እንዲያሰላ ካደረጋችሁት 10-4-3 ሲባል 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል።

ቁጥር ለማንበብ ስትርቱዲ (strtod) የሚባል የሲ ፈንክሽን አለላችሁ፤ የት ላይ እንዳቆመም ይነግራችኋል። ግን አሃዝ ወይም ነጥብ ሳታዩ አትጥሩት። ኢንፊኒቲ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ቁጥር ነው ብሎ ይቀበላል።

አሁን ወደ «ደሞዝ»። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ሁሉም ባይት ከ127 በላይ። በብዙ የፒሲ ኮምፓይለሮች ቻር (አንድ ባይት የሚያዝበት ዓይነት) ኔጌቲቭ ቁጥርም ስለሚይዝ እነዚህ ባይቶች ኔጌቲቭ ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ባይት አሃዝ መሆን አለመሆኑን ለሚለየው ኢዝዲጂት (isdigit) ከሰጣችሁ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሁሌም ኔጌቲቭ ወደማይይዘው አንሳይንድ ቻር ቀይሩት። ከ127 በላይ የሆነውን ባይት ሁሉ የስም አካል አድርጋችሁ ሰብስቡ፣ ከስሞች ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። «ደሞዝ» እና «ደመወዝ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሁለቱንም አስገቡ፤ የሒሳብ ክፍሉ የፈለገውን ነው የሚጽፈው!

ሲያልቅ ፖይንተሩ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ መድረሱን አረጋግጡ፤ አለዚያ «2+3)» ያለ ስህተት 5 ተብሎ ያልፋል። ለዜሮ ማካፈልንም ራሳችሁ ያዙት። በደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር በሚይዘው ዓይነት) ሲሆን ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ኢንፊኒቲ ደሞዝ አትሞ ያርፈዋል። የቅንፍ ጥልቀትም ገደብ ይኑረው፤ ሺዎች ቅንፍ የተደራረበበት መስመር ስታኩን (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚያዙበትን ሜሞሪ) ይሞላዋል።

ሳይንና ስኩዌር ሩት ከፈለጋችሁ ታይኒኤክስፕር የሚባል ትንሽ ላይብረሪ አለ፤ አንድ የሲ ፋይልና አንድ ሄደር ነው። የግእዝ ስም ግን አይቀበልም። 2^3^2 ስትሉትም እንደ ኤክሴል 64 ነው የሚመልሰው፤ ፓይተን ግን ይህንኑ በራሱ የፓወር ምልክት 2**3**2 ብላችሁ ስትጽፉለት 512 ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን እንደምትፈልጉ ወስኑ።